አውራ የበዛበት ቀፎ

ተረት ተረት!

የላም በረት!

በአንድ ወይና ደጋ አገር፣ ከገበሬ ማሳ ዳር፣ አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበረ። በዋንዛው ቅርንጫፍ ላይ ከሽመል የተሠራ፣ በእበት የተለሰነ ቀፎ ተሰቅሎ በውስጡ ብዙ ሺህ ንቦች ይኖሩ ነበር። ንቦቹ ከሠም የሚሠሩትን፣ ማርም እጭም የሚያኖሩበትን ነገር "እንጀራ" ይሉታል። እኛም ስሙን አልለወጥነውም፤ ማር የቆረጠ ሰው "ዘንድሮ ስንት እንጀራ አወጣህ?" ተብሎ ይጠየቃል። አንባቢ ይህን ቃል ልብ ይበልልኝ፤ ተረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የእንጀራ ነገር ነው።

በዚያ ቀፎ ሥራ በዕድሜ ይታደል ነበር። ንብ ከጎጆዋ በወጣች በመጀመሪያው ቀን የተወለደችበትን ጎጆ ራሷ ትጠርጋለች። ቀን ሲገፋ እጭ መጋቢ ትሆናለች። ከዚያ ሠም አውጥታ እንጀራ ትሠራለች፤ ከሜዳ ከመጡት አፍ ወለላ ትቀበላለች፤ በር ትጠብቃለች። ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሞላት ነው ሜዳ ወጥታ አበባ የምትቀስመው። "ምን ተምረሻል?" የሚላት የለም፤ የትናንቱ ሥራ ለዛሬው ሥራ ትምህርት ነበርና። እኛ "ዕውቀት ቀሰመ" ስንል ቃሉን ከዚህች ፍጥረት የወሰድነው ይመስለኛል። ንብ ግን የምትቀስመው በምላሷ ብቻ አይደለም፤ የአበባውን ዱቄት የምትሸከምበት ቅርጫት በኋላ እግሮቿ ላይ አለ።

ከእንጀራው ጠርዝ ላይ ደግሞ እንደ ኦቾሎኒ ቅርፊት ወደ ታች የተንጠለጠለ ሰፊ ጎጆ ነበር። የአውራ ቤት ይባላል። የድሮ ሰው አውራ ወንድ ይመስለው ነበር፤ እሷ ግን ሴት ናት፤ የቀፎው ሁሉ እናት። የአውራና የሠራተኛ እንቁላል አንድ ነው። ሁሉም እጭ እስከ ሦስተኛ ቀኗ አንድ ዓይነት ነጭ ወተት ትመገባለች። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ወተቱ ያልተቋረጠባት አውራ ትሆናለች። ማርና የአበባ ዱቄት ተለውሶ የተጋገረ ቂጣ የተሰጣት ሠራተኛ ትሆናለች። አውራዋ በ16 ቀን፣ ሠራተኛዋ በ21 ቀን ከጎጆ ትወጣለች። ከዚያ ወዲያ ኑሯቸው ለየቅል ነው።

በመጀመሪያው ዘመን በአውራ ቤት ያደጉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በዙሪያው ያለው ጫካ ገና አልተነካም፤ ባዶ ግንድ በየአቅጣጫው ሞልቷል። ስለዚህ አንዲት ወጣት አውራ ከጎጆዋ ብቅ ስትል መንጋ ተከትሏት፣ አንዱን ግንድ ተረክባ፣ የራሷን ቀፎ ትመሠርታለች። እንዲህ ያለ ዘመን እኛም ነበረን። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የተቀበለው 33 ተማሪዎችን ነው። ከዚያ ቤት የወጣ ሰው ሥራ አልፈለገም፤ ሥራው ነበር እሱን የሚፈልገው። ሚኒስቴሩም፣ ባንኩም፣ ትምህርት ቤቱም ወንበሩን ወልውሎ ይጠብቀው ነበር።

ይህን ያዩ ሠራተኛ ንቦች "ለካ ነገሩ ወተቱ ነው!" አሉ።

አልተሳሳቱም። ያለ ወተት አውራ የለችም። ግን ከወተቱ ባሻገር በጫካው ውስጥ ቆሞ ይጠብቅ የነበረውን ባዶ ግንድ ማንም ልብ አላለውም።

የቀፎው ሽማግሎች ተሰበሰቡ። ከቀፎው ዳርና ዳር የመጡ ንቦች "የአውራ ቤት ለመሃሉ ብቻ ለምን? የእኛ እጭስ እጭ አይደለችም?" ብለው ጠየቁ። ጥያቄው የፍትሕ ጥያቄ ነበር፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ተረቱን አጣምመዋለሁ። በዳር የተወለደች እጭ በመሃል የተወለደችውን ያህል ወተት ይገባታል፤ ለዘመናት የተነፈጋትም በግፍ ነው። ሽማግሎቹም በየማዕዘኑ አዳራሽ እንዲሠራ ወሰኑ። አሥር ተሠራ፤ ሃያ ተሠራ፤ ከአርባ አለፈ። ዛሬ የአገራችንን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚቆጥር ሰውም ከ40 በላይ ያገኛል። በእኔ እምነት ከሠራናቸው ነገሮች ሁሉ ይህ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። የገበሬ ልጅ ከቀዬው ርቆ ሳይሰደድ የሚማርበት በር ተከፍቷልና።

በዚያ ቀፎ አንዲት መጋቢ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠርግና ስትመግብ የክንፏ ጠርዝ ሳስቷል። በእጇ ሁለት እጮች አድገዋል። ለታላቋ ወተት አልደረሰላትም፤ በቂጣ አደገች፤ ሠራተኛ ሆነች። ታናሿ በተፈለፈለች ጊዜ መጋቢዋ የክረምት ድርሻዋን ማር ለሽማግሎቹ አስረክባ፣ በአዳራሹ አንድ ጎጆ ለመነችላት። ስሟንም ወለላ አለቻት።

"አንቺ እንደኔ ጠራጊ ሆነሽ አትቀሪም፤" እያለች ጎጆዋ አፍ ላይ ታንጎራጉርላት ነበር፤ "አንቺ ስትወጪ እኔም አብሬሽ እወጣለሁ።"

በሬውን ሸጦ ልጁን ለዩኒቨርሲቲ የሸኘ አባት ይህን ንግግር ያውቀዋል። በዚህ ላይ ለመፍረድ ማንም አፍ የለውም። ያ አባት የሸጠው በሬ የማረሻው ግማሽ ነበር።

አዳራሾቹ በችኮላ ነበር የተሠሩት። ሽማግሎቹ ከአሥር እጭ ሰባቷ የክንፍና የነፋስ ትምህርት፣ ሦስቷ የዜማና የታሪክ ትምህርት ትማር ብለው ደነገጉ። ሐሳቡ ቀፎው የሚበርበት ኃይል እንዲያገኝ ነበር። የእኛም 70 በ30 የሚባለው የተማሪ ድልድል በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሲወጣ ምኞቱ ይኸው ነበር፤ አገር በምሕንድስናና በሳይንስ እንዲቆም። ነገር ግን በወለላ አዳራሽ ነፋስ የሚባል አልነበረም። ጎጆው በሠም የታሸገ ነውና ነፋስ ከየት ይምጣ? አስተማሪዋ ራሷ ባለፈው ሳምንት ከዚያው አዳራሽ የወጣች ልጅ ነበረች፤ በሕይወቷ አበባ ላይ አርፋ አታውቅም። ያላትን ሁሉ ሰጠቻቸው፤ ነፋስን በሠም ግድግዳ ላይ በመስመር ሥላ አሳየቻቸው። ወለላም መስመሩን በቃሏ ያዘች። እርጥብ አየር ካልወጣ ደረቅ አየር እንደማይገባ፣ የአበባ ወለላ አብዛኛው ውሃ እንደሆነ፣ ውሃው ከአምስት እጅ አንድ እጅ በታች ካልወረደ ማር እንደማይሆን ተማረች። ሁሉም እውነት ነበር። ምን እንደሚሠራላት ግን የነገራት የለም።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን የጎጆዋ ክዳን ተቆርጦ ተከፈተ። እልልታው ቀፎውን አናወጠው። መጋቢዋ ያንን የሳሳ ክንፏን አራግፋ፣ ከጓደኞቿ ተበድራ ባመጣችው ማር እንግዳ አስተናገደች። ለወለላም በሠም ላይ የተመታ ማኅተም ሰጧት።

"ይህ ጊዜያዊው ነው፤" አሏት፤ "ዋናውን የምታገኚው የበላሽውን ወተት ዕዳ ስትከፍይ ነው።"

በማግስቱ እንግዳው ሲበተን ወለላ የኋላ እግሮቿን አየች። ቅርጫት የላቸውም። ሆዷን ዳሰሰች፤ ሠም የሚወጣበት ቦታ የለም። ምላሷን ዘረጋች፤ ከታላቅ እህቷ ምላስ ያጥራል። አውራ እንዲህ ሆና ነው የምትፈጠረው። አንድ ግንድ፣ አንድ መንጋ ይጠብቃታል ተብሎ የተሰጣት አካል ነው። መንጋው ከሌለ አካሉ ለምንም አይሆንም።

በቀፎው በር አጠገብ በሙጫ የተለሰነ ግድግዳ ነበር። ቦታ የሚሰጥ ማስታወቂያ የሚጫረው በዚያ ላይ ነው። ወለላ ገና ሳይነጋ ደረሰች፤ ከእሷ በፊት ግን ሁለት መቶ የሚሆኑ እንደ እሷ ያሉ አውራዎች ማኅተማቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ቆመዋል። የሁሉም ዓይን አንድ ቦታ ላይ ነው። "አንዲት አውራ ትፈለጋለች። ቢያንስ ሁለት ክረምት መንጋ የመራች" ይላል።

"ባለፈው ሳምንት የተወለደች ንብ ሁለት ክረምት እንዴት ትመራለች?" አለች ወለላ።

አጠገቧ የቆመችው መልስ አልሰጠቻትም። ለአራተኛ ጊዜ ማስታወቂያውን ታነባለች፤ ምናልባት ያላየችው ቃል ካለ ብላ።

ያችን አውራ አውቃታለሁ። አራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር አንገቷን አቅንታ ቆማ አይቻታለሁ። እጇ ላይ ፕላስቲክ የለበሰ የዲግሪ ኮፒ አለ፤ በሌላው እጇ ስልክ ቁጥር የምትጽፍበት ቁራጭ ወረቀት። "0 ዓመት" የሚል ቃል ስታይ ፊቷ ይበራል። ዜሮ የሚባል ቁጥር ሰውን ሲያስደስት ያየሁት እዚያ ብቻ ነው፤ ባስታወስኩት ቁጥርም ሆዴን ይበላኛል።

ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ ጠረን። በር ጠባቂ ንብ ማን እንደሚገባ የምትለየው በማሽተት ነው። ይህ የንብ ተፈጥሮ ነው፤ ሌባ እንዳይገባ የተሰጣት ጥበብ። በዚያ ቀፎ ግን ጥበቡ ለሌላ ነገር ዋለ። ግድግዳው ላይ የተጫረ ቦታ ሁሉ ከመጫሩ በፊት የበር ጠባቂዋ ጠረን ላላት ተሰጥቶ ያድራል። ወለላ በተራዋ ስትቀርብ ጠባቂዋ አሸተተቻት።

"የማን ነሽ?"

"የዚህ ቀፎ ልጅ ነኝ።"

"እሱንማ ሁላችሁም ናችሁ።" አሳለፈቻት፤ ወደ ውጭ።

መስከረም ጠባ። ኮረብታው በአደይ አበባ ቢጫ ሆነ። በማሳው ዳር የባቄላ አበባ ፈነዳ፤ ኑጉ ሊከተል እምቡጥ ይዟል። በዓመት አንዴ የሚመጣ ሀብት ነበር፤ ሜዳው ግን ጭር ብሏል። የቀሩት ቀሳሚዎች አሮጊቶች ናቸው፤ ክንፋቸው ተተልትሏል፤ አበባ ላይ እንዳረፉ የሚቀሩም ነበሩ። ተተኪዎቻቸው በአዳራሽ ናቸው፤ ወይም በሩ ላይ ቆመዋል። ሥራ የጠፋበትና ሠሪ የጠፋበት አንድ ቀፎ ነበር። የዚህ ተረት ትልቁ ኀዘን ለእኔ ይህ ነው። በአንድ በኩል ቧንቧ የሚጠግን፣ ማሽን የሚያድስ፣ ዘር የሚያሻሽል እጅ ጠፍቶ ሰው ሲንከራተት፤ በሌላ በኩል ባለዲግሪው ግድግዳ ተደግፎ ሲውል ሁለቱን በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰፈር ያየ ሰው የምለውን ያውቃል።

ወለላ ሰነፍ አልነበረችም። እንጀራ ሠሪዎቹ ዘንድ ሄዳ "ሠም አያያዝ አስተምሩኝ" አለች። "አንቺ እኮ አውራ ነሽ፤" አሏት፤ የሚያሾፉባት መሰላት፤ እነሱ ግን ከልባቸው አፍረው ነበር። ጠራጊዎቹ ዘንድ ሄደች። እዚያ መጋቢዋን አገኘቻት።

"ተይ፣ ልጄ፣ ተይ፤" አለቻት፤ "ጎረቤት ምን ይላል? የክረምት ማሬን የሰጠሁት መልሰሽ ያንን መጥረጊያ እንድትይዢ ነው?"

"እትዬ፣ እስከ መቼ ቆሜ ልዋል?"

"ትንሽ ታገሺ። እግዜር ያውቃል።"

ኀፍረት በገንዘብ አይመነዘርም ይባል እንጂ፣ እኔ ይመነዘራል እላለሁ። የእጅ ሥራን ማዋረድ እኛ ዘንድ የቆየ ደዌ ነው። አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን ስም እያወጣን ከማዕድ ያራቅን ሕዝብ ነን። አዳራሹ ያንን ደዌ አልፈወሰውም፤ ጋዋን አለበሰው። ልጅ ተምሮ "ከጭቃ ይውጣ" ስንል ጭቃው ቤታችን የተሠራበት መሆኑን ረሳነው።

ከሚጠብቁት አውራዎች ጥቂቶቹ መታገሥ አቃታቸው። ከዋንዛው ሥር ጉንዳኖች መንገድ ያነጥፉ ነበርና ወርደው ጠጠር መቅረጽ ጀመሩ። ቀፎው ሳቀባቸው። "ለዚህ ነው ወተት የጠጣችሁት?" ተባሉ። ጠጠሩ ግን አራት ማዕዘን ሆኖ ወጣ፤ መንገዱ በክረምት ጎርፍ አልተወሰደም። ከድሬዳዋ ተነሥቶ አዲስ አበባንና ሌሎች ከተሞችን ያዳረሰው የኮብልስቶን ሥራ ስንት ባለዲግሪ እጁን እንዳቆሰለበት እናውቃለን። ያኔ ስንቶቻችን ነገሩን መቀለጃ እንዳደረግነውም እናውቃለን። ዛሬ በዚያ ድንጋይ ላይ ጫማችን ጭቃ ሳይነካው እንሄዳለን። የሳቅነውን ሳቅ መልሰን ብንውጠው ደስ ይለኛል።

ሌሎቹ ደግሞ በሌሊት ኮበለሉ። ከጨው ውሃ ማዶ የአሸዋ አገር አለ፤ የዚያ አገር ቀፎዎች በሙቀት ይቀልጣሉ፤ ክንፍ ይዞ የሚያራግብላቸው ይፈልጋሉ። እዚያ ማኅተም የሚጠይቅ የለም፤ የሚቆጠረው ክንፍ ነው። በባሕሩ ላይ የቀሩ ቀሩ። የደረሱት ቀን ከሌት እያራገቡ ጠብታ ማር ይልኩ ጀመር። በስንት ቤት የክረምት ቀዳዳ የተደፈነው በዚያች ጠብታ ነው። የነፋስ ትምህርታቸው ግን በጎጆው ግድግዳ ላይ እንደተሣለ ቀረ።

ሽማግሎቹ ተጨነቁ። "ወተቱ ቀጥኖ ነው" አለ አንዱ፤ እውነት ነበረው። ስለዚህ በአዳራሹ መግቢያ ወንፊት ሰቀሉ፤ ከመቶ እጭ ሦስቷ አለፈች። በመውጫውም ሌላ ወንፊት ሰቀሉ። የእኛ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው አገር ደነገጠ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ሆነ። እኔ ወንፊቱን አልቃወምም። ያልተማረ "ተማረ" ተብሎ መውጣቱ ልጁንም አገሩንም ይጎዳል። ነገር ግን በዚያ ቀፎ ወንፊቱን ያለፉት ሦስቱም ሲወጡ ያገኙት ያንኑ በር፣ ያንኑ ግድግዳ ነው። ያላለፉት ዘጠና ሰባቱስ? ሦስተኛ ቀናቸው አልፏል፤ ቂጣውን የሚጋግርላቸው አልተዘጋጀም። በጎጆው አፍ ላይ እንደ ተንጠለጠሉ ዋሉ። ስለ እነሱ የተናገረ ሽማግሌ አልሰማሁም።

የዚያ ዓመት የመስከረም ዝናብ አልወጣ አለ። ጭጋጉ ዋንዛው ላይ ተኛ። አሮጊቶቹ በስንት መከራ ያመጡት ጥቂት ወለላ በእንጀራው ውስጥ አልደርቅ ብሎ ቆየ፤ አንድ ማለዳም ቀፎው ጠጅ ጠጅ ሸተተ። የክረምቱ ስንቅ መቡካቱ ነው። ንቦቹ ደንግጠው በየአቅጣጫው ማራገብ ጀመሩ። በፊት ይህን ሥራ የሚመሩት የለመዱ እጆች ነበሩ፤ እነሱ ሞተዋል፤ ከእነሱ ጎን ቆሞ የተማረ የለም። አንዷ የምታስገባውን ሌላዋ ታስወጣለች። ክንፍ ደከመ፤ ሽታው ባሰ።

ወለላ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እንደ ወትሮው ግድግዳውን ስታነብ የሚራገበው አየር ፊቷን መታት፤ ወዲያው ደግሞ ከጀርባዋ መታት። ያን ጊዜ በሠም ላይ የተሣለው መስመር ትዝ አላት። ወደ ታላቅ እህቷ ሮጠች።

"እህቴ፣ እርስ በርስ እየተጣላችሁ ነው። እርጥቡ ሳይወጣ ደረቁ አይገባም። ግማሾቻችሁ ከላይ ቆማችሁ አስገቡ፤ ግማሾቻችሁ ከታች አስወጡ።"

ታላቋ ቀና አላለችም። "በአፍ ነው በክንፍ?"

ወለላ ዝም ብላ ከሰልፉ ገባች። እስኪነጋ አራገበች። ክንፏ ለዚህ የተሠራ አልነበረም፤ በመጀመሪያው ሌሊት ጠርዙ ተቀደደ። ንቦቹም እንዳለችው ተሰለፉ። ሲነጋ ታላቋ ምላሷን ከወለላው ነክራ ቀመሰች።

"ያው ነው። ውሃ ነው።"

ወለላ አላመነችም። መስመሩ እንዲህ ነበር፤ ከላይ ይገባል፣ ከታች ይወጣል። ታላቋ እህቷ ክንዷን ይዛ ወደ ውጭ አወጣቻት።

"ያንቺ አስተማሪ የሣለችው ቀፎ ስንት በር ነበረው?"

"ሁለት።"

"የኛ አንድ ነው፤ ያውም ጠባብ። ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከተራራው የሚወርደው ነፋስ በቀኝ በኩል ነው የሚመጣው። አታዪውም?"

አየችው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነፋስን ያለ መስመር አየችው። ሣሩን እያስተኛ መጥቶ የበሩን ቀኝ ከንፈር ሲነካ። "እንግዲያው ሁላችንም በግራ እንሰለፍ፤" አለች፤ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ "ሁላችንም እናስወጣ። የሚገባውን ተራራው ይልክልናል።"

በግራ ተሰለፉ። ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት አራገቡ። ወለላ ስንት ውሃ መውጣት እንዳለበት ታውቃለች፤ ስንት እንደወጣ ግን የምታውቀው የታላቋ ምላስ ናት። "ገና" ትላለች፤ "ገና"። በአራተኛው ማለዳ ቀምሳ ዝም አለች። ከዚያ "አሁን ይከደን" አለች። ያልቦካው ተረፈ፤ በሠም ተከደነ። ከስንቁ እኩሌታው የሚሆነው ከንቱ ቀርቷል፤ እሱን የሚመልሰው የለም። ጊዜ ሳያልፍ፣ በሩ ላይ ከቆሙት ሁለት መቶዎች አንዷ እንኳ ቀድማ ብትጠየቅ ይተርፍ ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መጋቢዋ መጣች። በክንፎቿ መካከል አንዲት እጭ አቅፋለች።

"ወለላ፣ ልጄ፣ ይህች ልጅ ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሳይመሽ መወሰን አለብኝ።" ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ለአንቺ ሳደርግ አልጠየቅሁም፤ አሁን ልጠይቅሽ። ወተቱን ልቀጥልላት ወይስ ቂጣ ልስጣት? ያልሽኝን አደርጋለሁ።"

ወለላ እጯን አየቻት። ነጭ ናት፤ ገና ምንም አይደለችም፤ ሁሉንም ልትሆን ትችላለች። ስለ አዳራሹ ብትጠየቅ ምን ትበል? በደለኝ እንዳትል፣ ያ መስመር ባይኖር ማሩ ሁሉ ጠጅ ሆኖ ነበር። ጠቀመኝ እንዳትል፣ እግሮቿ ከነቅርጫት አልባነታቸው እዚያው ናቸው።

"እትዬ፣" አለች በመጨረሻ፤ "ውጭ ስንት ባዶ ግንድ አለ?"

"እኔ ምኑን አውቄ? ከዚህ ቀፎ የወጣሁ መስሎሽ?"

ወለላ ወደ ታላቋ ዞረች።

"እኔም ስወጣ የማየው አበባ ነው፤" አለች ታላቋ። "ግንድ ልብ ብዬ አላውቅም።"

ሦስቱም ወደ ሽማግሎቹ ሄዱ። ሽማግሎቹ የሚቆጥሩት ሁሉ በእጃቸው ነበር። ስንት አዳራሽ እንደተሠራ፣ ስንት እጭ እንደገባች፣ ስንት ወተት እንደፈሰሰ፣ ስንት ማኅተም እንደተመታ አንድም ሳይሳሳቱ ተናገሩ። ስለ ግንዱ ሲጠየቁ እርስ በርስ ተያዩ። በጫካው ውስጥ ስንት ባዶ ግንድ እንዳለ፣ የትኛው ለአውራ እንደሚሆን፣ የትኛው ሠራተኛ እንደሚፈልግ፣ የትኛውን ጉንዳን እንደያዘው፣ ከዋንዛው በታች ያለው ደን ስንት እንደተመነጠረ ወጥቶ የቆጠረ አልነበረም። ከመጀመሪያዋ አውራ ጀምሮ ማንም አልቆጠረም።

"ፀሐይ ስንት ቀርቷታል?" አለች ወለላ።

"ሁለት ኮረብታ ያህል፤" አለች ታላቋ።

"ይዘሽኝ ውጪ።"

መጋቢዋ እጯን አቅፋ በሩ ላይ ቆመች። ሁለቱ እህትማማቾች በረሩ። የወለላ ክንፍ ተተልትሎ ስለነበር ታላቋ ቀስ ትልላት ነበር፤ አበባ ሲያጋጥማት እንኳ አላረፈችም። የመጀመሪያው ግንድ አሮጌ ወይራ ነበር። ጠጋ ሲሉ ጉንዳን ወጣባቸው፤ አለፉት። ሁለተኛው ተቆርጦ ጉቶው ብቻ ቀርቶ ነበር። ሦስተኛው ከወንዙ ማዶ ያለ ግራር ነው። ታላቋ አፉን ዞረችው፤ ወለላ ውስጡን ገብታ በእርምጃዋ ለካችው፤ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚገባ ፊቷን አዙራ አዳመጠች። ደረቅ ነው፤ ሰፊ ነው፤ ማንም የለበትም።

"የምትጽፊበት አለሽ?" አለች ታላቋ ከውጭ።

ወለላ ከብብቷ ማኅተሟን አውጥታ ገልብጣ ያዘችላት። ታላቋ በመንጋጋዋ ጀርባው ላይ አንድ መስመር ጫረችበት።